ለደረቅ እህል የተሠራ ቤት

ለማኅበር ማብሰያና መመገቢያ የሚሆን አሮጌ መጋዘን የሚመረጠው በሐምሌ ነው። በጥር ሲያዩት የማይማርክ መጋዘን የለም፤ ጣራው ሙሉ ይመስላል፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ በሩ ለአይሱዙ ይሰፋል። ጎጃም ላይ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ዳንግላም ሆነ እንጅባራ፣ የቤቱን ጉድ የሚያወጣው ክረምቱ ነው። ውኃው በጣራው በየት በኩል ይገባል? ከግድግዳው ሥር በየት ይሰርጋል? ግቢው ውስጥ ተኝቶ ይውላል ወይስ ቶሎ ይሸሻል? ዶፉ ሲወርድ አንድ ሰዓት ቤቱ ውስጥ የቆመ ሰው ከየትኛውም የግምት ወረቀት የተሻለ መልስ ይዞ ይወጣል።

ሥራ ፈተው የቆሙት ቤቶች ብዙ ዓይነት ናቸው። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል ያከማችባቸው የነበሩ ረጃጅም መጋዘኖች አሉ። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያ ያከፋፍሉባቸው የነበሩ አነስ ያሉ አሉ። ዲናሞው የተነቀለ ወፍጮ ቤት፣ ዛሬም ፋጉሎ ፋጉሎ የሚል የኑግ ዘይት መጭመቂያ፣ እንጨት መሰንጠቂያ፣ አልፎ አልፎም ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ የሆነ ጣሊያን ሠራሽ ቤት ይገኛል። የሚታሰብላቸው አዲስ ሥራ ግን ይመሳሰላል፦ ሴቶች ተደራጅተው እንጀራ የሚጋግሩበት፣ ለተማሪዎች ምገባ ወጥ የሚሠራበት፣ እድርተኛው በየሐዘኑ ድንኳን ከመትከል የሚያርፍበት፣ በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው አረፍ ብሎ የሚበላበት ቤት። ሰው የማሰባሰብ ችግር የለም። እድሩም፣ ሰንበቴውም፣ የጽዋ ማኅበሩም ድስቱና ሰሃኑ አለው፤ ያጣው ጣራ ነው።

ነገር ግን ጣራው ለምን ሥራ እንደተሠራ መርሳት አይገባም። መጋዘን ደረቅን ነገር ደረቅ አድርጎ ለማቆየት የተሠራ ቤት ነው። ጆንያ የሚደረደርበት ወለል ዘንበል እንዲል ማንም ስለማይፈልግ ወለሉ ጠፍጣፋ ነው። ፍሳሽ የሚሄድበት መንገድ የለውም። መስኮቱ ትንሽ፣ ያውም ከራስ በላይ ነው። መብራቱ ለጥቂት አምፖል ወይም ለአንድ ዲናሞ የተዘረጋ ነው። ምግብ የሚበስልበት ቤት ደግሞ ከንጋት እስከ ማታ ውኃ፣ እንፋሎት፣ ቅባትና ኮምጣጣ ሊጥ የማይለየው ነው። በእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚበላሸው ነገር አብዛኛው ከዚህ አንድ ልዩነት ይመጣል። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ከወለል በታችና ከራስ በላይ ይውጣ ባይ ነኝ። ብዙ ኮሚቴ ከቀለምና ከወንበር የሚጀምረው ለምረቃ ቀን ስለሚያምር ነው፤ ቱቦ ፎቶ አይወጣለትም።

ከሁሉ በፊት ግን ቤቱ ውስጥ ምን ይቀመጥ እንደነበር የቀድሞ ዘበኞችንና ተሸካሚዎችን ጠይቁ። የእህል መጋዘን ለነቀዝ ሲታጠን የኖረ ነው። ፎስቶክሲን በሚባለው ስም የሚታወቀው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል የሚለቀው መርዛማ ጋዝ ቤቱ ሲናፈስ ይጠፋል። በየጥጉ በሚቀረው ግራጫ ዱቄት ውስጥ ግን ሥራውን ያልጨረሰ እንክብል ሊኖር ይችላል፤ እርጥበት ሲነካው እንደገና ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ቤት ተረከብን ብሎ በማግስቱ ውኃ መድፋት አደገኛ ነው። አስቀድሞ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ለቀናት ይናፈስ። ያልተከፈተ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ከተገኘ ሳይነካ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይነገር። የተባይ መድኃኒት ራሱ ለዓመታት ይከማችበት የነበረ ቤት ከሆነ ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ። አርማታ መርዝ ይመጥጣል፤ በሳሙናና በሶዳ አይወጣለትም፣ ሴራሚክ ቢለበስበትም ያው ከሥሩ አለ።

የማዳበሪያ መጋዘን ችግሩ ሌላ ነው። ከተበጣጠሰ ጆንያ የፈሰሰው ጨው ወለሉና የግድግዳው ግርጌ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ልስኑ ነጭ እያበቀለ ይፈረፈራል፣ በአርማታው ውስጥ ያለውን ፌሮም ያዝገዋል። በላዩ ቀለም መቀባት ገንዘብ መድፋት ነው። ልስኑ እስከ ብሎኬቱ ድረስ፣ ምልክቱ ካለበት ከፍ ብሎ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጥ፣ ግድግዳው አንድ በጋ ይድረቅ፣ ከዚያ እንደገና ይለሰን። ጣሊያን ሠራሹ የድንጋይ ቤት ግን ሲሚንቶ አይወድም። በኖራ የተገነባ ግድግዳ የሚተነፍሰው በኖራው በኩል ስለሆነ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ በገጽ በገጹ ይወርዳል። ለዚያ ኖራ ራሱን መልሶ መጠቀም ነው።

የኑግ መጭመቂያ ወለል ዘይት ጠጥቷል። ኑግ ሲቆይ የሚደርቅና የሚጣበቅ ዘይት ስላለው ላዩ ቢፋቅም ጠረኑና ቅባቱ ከታች ይመለሳል፤ በዘይት ላይ የተለጠፈ ሴራሚክም ዓመት ሳይሞላው ይነሳል። መዶሻ ሲመቱት ደረቅ አርማታ እስኪገኝ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ መቆርቆር ነው። በጥጋጥግ የቀረ ፋጉሎና ዘይት የነካው ጨርቅ ተከምሮ አይቆይ፤ በራሱ ግሎ ይነሳል፣ እሳት ለመሆን ክብሪት አይፈልግም።

ጣራው ግራጫና ወፍራም ሞገድ ያለው ኢተርኒት፣ ማለትም የሲሚንቶ ክዳን፣ ከሆነ አስቤስቶስ የተባለው የማዕድን ጭረት አለበት ብላችሁ ተነሱ። ሳይሰበር፣ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይበሳ እስከተቀመጠ ድረስ ብዙ አያስፈራም። አደጋው ሠራተኛ በላዩ ሲሄድ፣ በዲስክ ሲቆረጥ፣ ለጭስ ማውጫ ሲበሳ፣ ከዚያም ስብርባሪው በመጥረጊያ ሲጠረግ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ገብቶ አይወጣም፣ በሽታውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚታየው። መነሣት ካለበት በውኃ እየረጠበ፣ ሚስማሩና ብሎኑ በእጅ መሣሪያ እየተፈታ፣ ሙሉ ሙሉውን በገመድ ይውረድ፤ በሁለት ድርብ ወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያሳየው ቦታ ይቀበር። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም፤ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ስብርባሪውን ለዶሮ ቤት ጣራ ብሎ ለጎረቤት መስጠትም በተለይ የሚከለከል ነው። ተራ ቆርቆሮ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፦ ከውስጥ ሆኖ በቀትር ብርሃን የሚታየው ቀዳዳ ሁሉ በኖራ ምልክት ይደረግበት፣ ላስቲኩ ያለቀ ሚስማር ይቀየር፣ አሸንዳው ይፈተሽ። ከቆርቆሮው ሥር ያለው የባሕር ዛፍ ወራጅ ከሆነ በጠመንጃ መፍቻ ውጉት። ጫፉ ያለ ችግር ከገባ ምስጥ ቀድሟችኋል።

አሁን ወደ ወለሉ። ለ300 ሰው ምሳ የሚያዘጋጅ ማብሰያ ክፍል 8 ሜትር በ12 ሜትር ይሁን እንበል። የፍሳሽ ቦዩ በመሐል በቁመቱ ቢሄድ በየጎኑ 4 ሜትር ወለል ይቀራል። ውኃ ሳይጠረግ በራሱ እንዲሄድ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ዝንባሌ ያስፈልጋል፤ ይህም በ4 ሜትር ላይ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነው። ቦዩ ዳር 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ ካለ ግድግዳው ዳር ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ግንበኛው ይህን አስቀድሞ ካላሰበው በሩ ወለሉን ይነክሳል፣ ወደ አዳራሹ የሚያስኬደው ደፍም ሳህን የተሸከመ ሰው የሚያደናቅፍ እርከን ይሆናል። ቦዩ ራሱ 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ኖሮት በ1 በመቶ ሲወርድ በ12 ሜትር ላይ 12 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ ከ10 ጀምሮ 22 ላይ ያልቃል። የመጋዘን ወለል ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ቦዩ ወለሉን በስቶ ያልፋል። እንግዲህ መጀመሪያ በዲስክ ሁለት መስመር ይቆረጥ፣ መሐሉ ብቻ በመዶሻ ይውጣ። በመዶሻ ብቻ የተጀመረ ቦይ የቀረውን ወለል ሁሉ ይሰነጥቃል። ከዚያ ከሥሩ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ፌሮ ታስሮ፣ እንደ አዲስ አርማታ ይሞላ።

ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት አንድ ባልዲ ውኃ በየጥጉ አፍስሱ። ተኝቶ የቀረበት ቦታ ያኔ ካልተስተካከለ ቤቱ እስካለ ድረስ እዚያው ይተኛል።

ወለሉን የሚጨርሰው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ሊጡ ነው። የቦካ የጤፍ ሊጥ ከኮምጣጤ ብዙም የማይርቅ አሲድ አለው፤ የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ4 በታች ይወርዳል። ከላዩ የሚጠለለው ቢጫ ውኃ በየቀኑ የሚደፋበት የሲሚንቶ ሊሾ በወራት ውስጥ ፊቱ ይበላና አሸዋው ይወጣል፤ ከዚያ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩም ቀጥሎ ጉድጓዱ። ተራ ሴራሚክ ተለጥፎ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ከተሞላ የሚበላው መገጣጠሚያው ነው፤ ሊጥ በዚያ ገብቶ ከሥር ይበሰብስና ማንም ሊያጸዳው የማይችል ሽታ ይሆናል። ቢያንስ ሊጥ በሚቦካበት፣ በሚጠለልበትና ቡሃቃ በሚታጠብበት አካባቢ የማያንሸራትት ጠንካራ ሴራሚክ አሲድ በሚቋቋም ሙጫ፣ በኢፖክሲ መሙያ፣ መሥራት ያስፈልጋል። ኢፖክሲ ውድ ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ ሁሉ ሳይሆን ያ ጥግ ብቻ ይሠራበት፣ የቀረው በተራው። ጠለላውም ወደ ቦዩ ከመግባቱ በፊት በብዙ ውኃ ይቅጠን።

ከቦዩ የሚወጣው ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ከሄደ ታንኩ በቅባት ይታፈናል። በመሐል የቅባት ማስቀሪያ ሳጥን፣ ቧንቧ ሠራተኞች ግሪስ ትራፕ የሚሉት፣ ይገባል። ልኬቱን ለማውጣት ሦስት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ እያንዳንዱ 100 ሊትር ይዞ በ10 ደቂቃ ቢለቀቅ በደቂቃ 30 ሊትር ነው፤ ቅባቱ ወደ ላይ፣ ደለሉ ወደ ታች እንዲለይ 30 ደቂቃ ያህል ማረፍ አለበት፤ ስለዚህ 900 ሊትር። 1.5 ሜትር በ0.8 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 0.8 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ሳጥን ይበቃል። መውጫው ቲ ቅርጽ ያለው ሆኖ ታችኛው ጫፉ ከውኃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ፤ ይህ ከቀረ ቅባቱ ከላይ ተንሳፍፎ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ሳጥኑም ጌጥ ብቻ ይሆናል። የመጸዳጃ ቤት መስመር በዚህ ውስጥ አይለፍ። ሳጥኑ ከቤት ውጭ ይሁን እንጂ አይራቅ፤ ደብረ ማርቆስን በመሰለ ብርድ አገር ቅቤ መንገድ ላይ ረግቶ ቱቦውን ይዘጋል። ከገንዳው ሥር ወንፊት ያለው ቅርጫት ይቀመጥ፤ የሽሮና የምስር ቅሪት ከቅባቱ ይልቅ ቶሎ ነው ሳጥኑን የሚሞላው። ከላይ የተንሳፈፈውና ከታች የዘቀጠው ተደምሮ ከጥልቀቱ ሩቡን ሲይዝ ይጠረጋል። የጠራጊው ስምና ቀኑ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ካልተለጠፈ ማንም አይጠርገውም።

የፒቪሲ ቱቦ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲደጋገምበት ይለሰልሳል። የፈላ ውኃ በቀጥታ አይደፋበት።

ገበያ ድርጅትን የመሰሉ መጋዘኖች አንድ ስጦታ አላቸው። ጆንያ ከመኪና ጋር በእኩል ከፍታ እንዲወርድ ወለላቸው ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ ለፍሳሽ ትልቅ ዕድል ነው፤ ቱቦው በጎን በኩል ወጥቶ ጥልቅ ቦይ ሳይቆፈር ይወርዳል። ለሽማግሌና ለአካል ጉዳተኛ ግን ያው 1 ሜትር ገደል ነው። መወጣጫው በ1 ለ12 ቢሠራ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ በመሐሉም ማረፊያ። ይህ ቦታ ግቢው ላይ ከመጀመሪያው ካልተያዘ በኋላ የጀነሬተር ቤት ይሠራበታል።

አፈሩም ይታይ። መራዊና ቡሬ አካባቢ እንዳለው ቀይ አፈር ከሆነ ብዙ አያስቸግርም። ቢቸናና ደብረ ወርቅ አካባቢ እንዳለው ጥቁር ዋልካ ከሆነ ግን ደረቅ መጋዘን ለዓመታት ሳይሰነጠቅ የቆመው ከሥሩ ውኃ ስላልነካው ሊሆን ይችላል። ዋልካ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማብሰያ ቤት ሲሆን አንድ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ በአንድ በኩል ያለውን መሠረት ብቻ አሳብጦ ግድግዳውን ሰያፍ ይሰነጥቀዋል። መድኃኒቱ ቱቦው ከመሠረቱ አጠገብ በትይዩ እንዳይሄድ፣ ግድግዳ ሲሻገር ሰፋ ያለ እጅጌ ውስጥ እንዲያልፍ፣ ቤቱ ዙሪያ ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ወርድ ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ አርማታ እንዲሠራ ነው። ከማስረከብ በፊት ቱቦው ጫፉ ተደፍኖ ውኃ ሞልቶ ይደር። ጠዋት ከጎደለ ያንጠባጥባል።

መብራት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወፍጮ ቤት ስለነበረ ኃይል አለው ብሎ በማሰብ ነው። 30 የፈረስ ጉልበት ያለው ዲናሞ 22 ኪሎ ዋት ገደማ ሲሆን በ380 ቮልት በየፌዙ፣ ማለትም ኃይል በሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች በእያንዳንዱ፣ ከ43 አምፒር ብዙ አይርቅም። ስምንት የኤሌክትሪክ ምጣድ እያንዳንዱ 3.8 ኪሎ ዋት ቢወስድ ከ30 ኪሎ ዋት ያልፋል። አንድ ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፒር ይስባል፤ ሦስቱ ፌዞች ላይ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆነው ቢከፋፈሉ እንኳ ሦስት የያዘው ፌዝ 52 አምፒር ይሸከማል። ዲናሞ ሲነሳ ብዙ ስቦ ከዚያ ይረጋጋል። ምጣድ ሲነሳ አይንደረደርም፣ ግን ለሰዓታት አይቀንስም፤ ወፍጮ የለመደ ገመድ የሚቀልጠው በዚህ ነው።

ከዚህ የከፋው ኒውትራሉ፣ ማለትም መብራቱ የሚመለስበት አራተኛው ሽቦ፣ ነው። ዲናሞ በሦስቱ ፌዝ ብቻ ስለሚሠራ ወደ ወፍጮው የተዘረጋው መስመር ኒውትራል ላይኖረው ወይም ለአንዲት አምፖል የሚሆን ቀጭን ብቻ ሊኖረው ይችላል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ምጣድ ከተቀጠለና ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተቃጠለ ጭነቱ ያነሰበት ፌዝ ላይ ያለው ዕቃ ከ220 አልፎ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ያገኛል። ፍሪጁና አምፖሉ አብረው ይነዳሉ። ስለዚህ ከቆጣሪው ጀምሮ ኒውትራሉ ከፌዙ እኩል ውፍረት ያለው አዲስ አራት መስመር ይዘርጋ። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ባለ 25 አምፒር ብሬከርና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ ባለ 16 አምፒር ሶኬት ለ17 አምፒር አይሆንም፣ ከፊቱ እየጠቆረ ይቀልጣል። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ የሚሠራበት ቤት ስለሆነ ግራውንድና በ30 ሚሊ አምፒር ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ የግድ ነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለማይቀር ከምጣዶቹ ሲሶው ያህል በእንጨት የሚሠራ ምርጥ ምድጃ ይሁን፤ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እንጨቱን በእጅጉ ይቆጥባል።

ስንት ምጣድ ይበቃል? አንድ እንጀራ ከነማሰሻውና ከነመልሶ መጋያው 4 ደቂቃ ቢወስድ አንድ ምጣድ በሰዓት 15 ይጋግራል። አምስት ምጣድ በአራት ሰዓት 300 እንጀራ ነው። ጋጋሪዋ እዚያው የምትዞርበት ቦታ ያስፈልጋታል፤ በሁለት ምጣድ መካከል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ አክንባሎው የሚንጠለጠልበት ማንጠልጠያ፣ ከጀርባዋም እንጀራው የሚበርድበት ወንፊት ያለው መደርደሪያ። ትኩስ እንጀራ በትኩስ ላይ ከተደረበ ያልበዋል፤ ያላበው በማግስቱ ይሻግታል።

እንፋሎቱ የት ይሂድ? ቀን ላይ ወደ ቆርቆሮው ይወጣል። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ጠብታ ሆኖ፣ ዝገትና የጎመን ዘር ጭስ ጥቀርሻ ይዞ፣ ጠዋት ሊጡ ላይ ይወርዳል። የብዙ መጋዘን ማብሰያ ቤት ሕመም ይህ ነው፤ ሰው ግን ጣራው ያፈሳል ብሎ ቆርቆሮ ይቀይራል። መፍትሔው ጣራው ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ ከላዩ ዝናብ የሚከላከል ባርኔጣ መሥራት፣ በታች በኩል ደግሞ ቢያንስ የዚያኑ ያህል ስፋት ያለው አየር ማስገቢያ መክፈት ነው። የላይኛው ብቻ ተከፍቶ የታችኛው ካልተከፈተ አየሩ አይንቀሳቀስም። ከምጣዱና ከድስቱ በላይ የላሜራ ጭስ መሰብሰቢያ ይቀመጥ፤ በየጎኑ ከምድጃው 20 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። አሮጌው የጣራ ብረት ላይ ግን አይንጠልጠል፤ የተሰላው ለቆርቆሮ ብቻ ነው፣ የራሱ እግር ይኑረው። ብረቱ ላይ ቀይ ጸረ ዝገት ቀለም ካለ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ። ለእንፋሎቱ መብዛት የአገሩ ከፍታም ድርሻ አለው፦ ባሕር ዳር ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ ብዙ ቆይተው ነው የሚበስሉት።

ሊጡ የሚቦካበት ክፍል ለብቻው ይከለል። ባዶ ቆርቆሮ ሥር ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ አንድ ቀን ሊጡ ይፈጥናል፣ በሌላው ቀን እርሾው ተኝቶ ያድራል፣ አብሲቱም ሰዓቱን ይስታል። ውስጥ ለውስጥ በብሎኬት የተከለለ፣ ኮርኒስ ያለው፣ ከምጣዶቹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ሙቀቱን ይጠብቃል። ኮርኒሱ የሚታጠብ ይሁን። በአዳራሹ በኩል ግን የእንጅባራ ቀርከሃ በጣም ያምራል፤ ከውበቱም ይልቅ በነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ እንዲሰማ ያደርጋል። ከቆርቆሮው 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተሰጥቶት፣ ቦራክስ በሚባለው ጨው ውኃ ተነክሮ ነቀዝ ከተከለከለ ይቆያል። እሳት ባለበት ክፍል ግን ቀርከሃ አይግባ።

ከወረቀት ላይ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጾሙ ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም ሲደመሩ የጾም ምግብ የሚሠራበት ቀን ከፍስኩ ብዙም አያንስም። የፍስክ ድስት፣ ቢላዋ፣ መክተፊያና ማጠቢያ ገንዳ ለብቻው ካልሆነ ብዙ ሰው አይበላም፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያየ መደርደሪያና ሁለት ገንዳ ከመጀመሪያው ይታሰብ። እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚጠቀምበት ከሆነ የየራሳቸው ሥጋ የሚቀመጥበት፣ የሚከተፍበትና የሚበስልበት ዕቃም ቦታም ይለይ። በዐቢይ ጾም ብዙ ጿሚ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ስለሚበላ የምሳው ግርግር ከ6 ሰዓት ወደ ማምሻው ይሸሻል፤ የሠራተኛ ፈረቃና የምጣዱ መነሻ ሰዓት ከዚያ ጋር ይሂድ።

ውኃ በአንድ ተመጋቢ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይታሰባል፤ ለ300 ሰው 4,500 ሊትር እንበል። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቀን ያሻግራል። ሙሉውን 5 ቶን ስለሚመዝን በብሎኬት ግድግዳ ወይም በጣራ ላይ አይሰቀል፣ የራሱ ማማ ይሠራለት። ከጣራው የሚሰበሰበው የዝናብ ውኃ ለወለል ማጠቢያ ጥሩ ነው፤ ጣራው 400 ካሬ ሜትር ቢሆን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚባክነው ተቀንሶ 6,400 ሊትር ያህል ይሰጣል። ኢተርኒት ካለ ይቅር።

አይጥ በጣት ቀዳዳ ይገባል። 6 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው የሽቦ ወንፊት በየአየር ማስገቢያው፣ በበሩ ግርጌ 30 ሳንቲ ሜትር ላሜራ፣ እህሉ ከግድግዳ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ፓሌት ላይ። ወፍጮው እዚያው ከቀረ በሙሉ ግድግዳ ይከለል። በተወቀረ ማግሥት የመጀመሪያው ዱቄት ድንጋይ ስላለበት ለምግብ አይሁን።

ወረቀቱም አለ፦ ካርታው፣ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃዱ፣ ቤቱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነም የጠቅላላ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ። ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት በተከራየ ቤት ወለል መቁረጥ አያዋጣም። ከ10 ዓመት ያነሰ ውል ካለ በተንቀሳቃሽ ገንዳና ምድጃ ደረቅ ሥራ ብቻ፣ ማለትም ባልትና፣ በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ማዘጋጀት ይሻላል። ለእሱ መጋዘኑ እንዳለ ይሆናል።

ሥራው በጥቅምት ይጀመር፤ ቁርጡና አርማታው እስከ ታኅሣሥ፣ መብራቱና ሴራሚኩ እስከ መጋቢት፣ ጣራውም ከግንቦት በፊት ይጠናቀቅ። ብዙ መጋዘን 600 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ መጨረስ አይቻልም፣ አስፈላጊም አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ሲሶው ማብሰያና መመገቢያ ይሁን፣ የቀረው የእድሩ ዕቃ ማስቀመጫና የሐዘን ቀን መቀመጫ ሆኖ ይቆይ። ነገር ግን የመጀመሪያው ወለል ከመዘጋቱ በፊት ወደ ቀረው ክፍል የሚሄድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ዝንባሌውን ይዞ ይቀበር፣ አፉ በክዳን ይደፈን፣ የቆመበትም ቦታ ከሁለት ግድግዳ ተለክቶ በሩ ጀርባ ይጻፍ።